ቀይ ክር ያለበት አይነካም

ሚያዝያ 28

ይድረስ ለወንድሜ፣ አርፎ መቀመጥ ስለማያውቅ «እንዝርት» ላልነው፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ቡፌው ደህና ነው። ተመስገን፣ አላመመውም፣ አልከሳም። ስለ እሱ ከላይ በሰፊው ጠይቀህ ስለ እኔ ከታች «አንቺስ?» ብለህ ስላለፍክ፣ መልሱንም በዚያው ተራ ሰጠሁህ። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴን አንዳንዴ ይይዘኛል እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ጉልበቴ ልነግርህ አይደለም። ቁጭ ብለህ አንብበው። ልሄድ ነው።

የት አትበለኝ፣ እኔም በደንብ አላውቀውም። ባለፈው ወር ከከተማ ከተማ የሚዞር የቲያትር ቡድን እዚህ መጥቶ ነበር። የንጉሡ ካባ ከትከሻው ላይ ተቀደደባቸውና ወደ ሱቄ መጡ። ተዋናዩ ካባውን እንደለበሰ፣ ቆሞ ቃሉን እያነበነበ፣ ሳላስወልቀው ሰፋሁለት። አዘጋጇ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ስሰፋ ስታየኝ ቆየችና «ከእኛ ጋር ነይ» አለችኝ። ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። «አውቶቡሳችን ውስጥ አንድ መቀመጫና ለአንድ ሣጥን የሚሆን ቦታ አለ። የስፌት መኪና አለን። ሣጥንሽን ይዘሽ መምጣት ብቻ ነው» አለች። ሰኔ ሃያ ገደማ በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ። ካለሁ አለሁ፣ ከሌለሁ ሌላ ልብስ ሰፊ ይፈልጋሉ።

እስከዛሬ ለምን ከዚህ ቤት እንዳልወጣሁ ታውቃለህ። እማዬ በሕይወት እያለች እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ? እሷ ካረፈች ወዲህ ግን የያዘኝ ዕቃ ነው። የሞላ ቤት ብቻውን አይተውም፤ ሌባ አለ፣ አይጥ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ። ባዶ ቤት ዘበኛ አያስፈልገውም። ቆልፈህ ቁልፉን ለጎረቤት ትሰጥና ትሄዳለህ። እኔም ቤቱን ባዶ አድርጌ፣ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ ሰጥቼ ልሄድ ነው።

የእማዬን ሕግ አልረሳሁም። ልጆች ሳለን በማንኪያና በእርሳስ ስንናከስ ከስፌት ክሯ ለሦስታችንም ቀለም አካፈለችን፤ ለታላቅ እህታችን አረንጓዴ፣ ላንተ ቀይ፣ ለእኔ ነጭ። ክር ያለበት ዕቃ አይነካም፣ የሚፈታውም ያሰረው ብቻ ነው። ሽበት አብቅለን እንኳ ሕጉ ይሠራል። ለታላቃችን ስደውልላት «ጎሽ! እንኳን ልብ ገዛሽ!» አለችኝ። መኪና ልካ የምትፈልገውን ወሰደች፣ የቀረውን «ፈትቼዋለሁ፣ ለፈለግሽው ስጪ» አለች። አረንጓዴ ክር በዚህ ቤት የለም።

የቀረው ያንተ ነው። ክፍልህ እስከ ጣሪያው ቀይ ክር ነው። ወይ መጥተህ ውሰድ፣ ወይ «ፈትቼዋለሁ» በለኝ። ከአንተ የምፈልገው ይችን አንዲት ቃል ነው።

እህትህ፣ «ግምጃ ቤት» እያላችሁ የምትስቁብኝ


ግንቦት 9

ይድረስ ለእታለም፣ ለግምጃ ቤታችን፣

ቶሎ ባለመጻፌ ይቅር በይኝ። ሥራው ፋታ አይሰጥም። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የቀለድሽ መስሎኝ ሳቅሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋኝ። በዚህ ዕድሜሽ? ዛሬ ንጉሥ ነገ ለማኝ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ልትንከራተቺ? ጉልበትሽን ማን ሊያሽልሽ ነው፣ ንጉሡ?

አድራሻህ ለምን ተለወጠ ብለሽ ቀጥለሽ በላክሻት ካርድ ጠይቀሻል። የመሥሪያ ቤት ነው። ወደ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ይዘገያል፣ እዚህ ግን ቶሎ ይደርሰኛል። ሌላ ምክንያት የለውም። ባለቤቴም ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች።

ስለ ዕቃው ግን እለምንሻለሁ። ቡፌውን በመጀመሪያ ደመወዜ ለእማዬ ገዝቼላት «ያንተ ነው፣ ስታገባ ትወስደዋለህ» ብላ ቀዩን ክር በእጇ ያሰረችበት ነው። የንድፍ ጠረጴዛዬንም እንዳታስነኪ። የመጀመሪያውን ድልድይ የነደፍኩት እሱ ላይ ነው፤ ድልድዩ ባይሠራም ንድፉ ያማረ ነበር። ብስክሌቱ ጎማ ብቻ ነው የጎደለው። መጽሐፎቹን ደግሞ አንድ ቀን እመለስባቸዋለሁ።

ዕቃ ማስቀመጥ ምን ያስቸግራል? የተቀመጠ ነገር ነው፣ አይበላ፣ አይጠጣ። ዝናቡ ካባራ በኋላ የጭነት መኪና ይዤ እመጣና ሁሉንም አነሳልሻለሁ። የአሁኑ የምሬን ነው። እስከዚያ ምንም እንዳትወስኚ። ክፍሌን ጠብቂልኝ፣ አደራ።

ወንድምሽ እንዝርቱ


ግንቦት 21

አንተ እንዝርት፣

በፀጉር አስተካካዩ ስልክ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ሰውየው የደንበኛውን ግማሽ ጉንጭ ላጭቶ፣ ግማሹን በሳሙና አረፋ ትቶ፣ ምላጩን እንደያዘ ሱቄ ገባ። «ወንድምሽ ክሩን ነክታለች ወይ ይላል» አለኝ። መልሴን በዚህ ያዝ፤ አልነካሁም። እየወለወልኩ ነው የኖርኩት እንጂ አንዱን ክር አልነካሁም።

አይበላም አይጠጣም ትላለህ። እንዴት አይበላም! ቅዳሜዎቼን ማን በላቸውና ነው? ቅዳሜ ሲመጣ ቡፌህን በዘይት እወለውላለሁ። ዝናብ ሲገባ መጽሐፎችህን ከግድግዳው አርቃለሁ፣ ሲወጣ መልሼ አስጠጋለሁ። ያ ሰዓት ጠጋኝ ትዝ ይልሃል? አግቢኝ ያለኝ? ደግ ሰው ነበር። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ለማንም ነግሬ አላውቅም። «ዕቃውስ የት ይገባል?» አልኩት። እኔ የት እገባለሁ አላልኩም። ትክ ብሎ አየኝና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። የእናንተን ዕቃ አግብቼ ቀረሁልህ።

ሣጥኔን ላዘጋጅ ብዬ በቤቱ ውስጥ ነጭ ክር ያለበትን ፈለግሁ። መቀሴ አለ። ሜትሬ፣ የመርፌ መያዣዬ፣ እማዬ ለእኔ ያሰረችልኝ መስታወት። አለቀ። በዚያ ሁሉ ዕቃ መሐል ኖሬ የእኔ ይኸው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት፣ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። አልዋሽህም፣ አለቀስኩ። ከዚያ መቀሴንና ሦስት ቀሚስ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ባነሳው በአንድ እጄ ብድግ አለ። ሳቄ መጣ።

የፊት ክፍሉ አሁን ባዶ ነው። የታላቃችን ቁም ሣጥን መስኮቱን እንደጋረደው ሁላችንም ረስተነው ኖሯል። ጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉን ሙሉ ትይዘዋለች። ማንም አላየኝም ብዬ እጄን ዘርግቼ ዞርኩበት፣ በዚህ ጉልበቴ! ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት አይቶኝ ኖሮ «ደህና ነሽ?» አለኝ። «እንደዛሬም ደህና ሆኜ አላውቅ» አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውስህ። መጀመሪያ ከቤት ስትወጣ አውቶቡስ ተራ ስንሸኝህ ከኪስህ ቀይ ክር አውጥተህ የእጄ አንጓ ላይ አሰርክና «እስክመለስ እንዳትነኪ» አልከኝ። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ክሩ በልብስ ሳሙና ተበልቶ ወደቀ፣ እኔ ግን ከወደቀም በኋላ እንደታሰርኩ አለሁ። እሱንም ፍታልኝ።

አንተ ለወሬ እንጂ ለሥራ ስለማትቸኩል እኔ ጀመርኩልህ። የመጽሐፍ ካርቶኖችህን ክራቸውን ሳልፈታ በጭነት ልኬልሃለሁ። ወደ መሥሪያ ቤትህ ሳይሆን ወደ ቤትህ፤ መጽሐፍ ቢዘገይ አይሞትም።

እህትህ


ሰኔ 5

እታለም፣

መጽሐፎቹ ለምን እንደተመለሱብሽ በካርድሽ ጠይቀሻል። ከዚያ በታች «ለመሆኑ የት ነው የምትኖረው?» ያልሽውንም አይቻለሁ። ባለቤቴ ደውላልሽ ከሆነ ብዙውን ነግራሻለች። ክፉ ሰው አይደለችም፣ አልዋሸችሽም። እዚያ ቤት አልኖርም። መኖር ካቆምኩ ቆይቷል።

ቢሮው ንድፉን ሁሉ በኮምፒውተር ለሚሠሩ ልጆች ሰጠና እኛን አሰናበተን። እኔም አኩርፌ ቤት ዋልኩ። ሲውል ሲያድር ኩርፊያዬ ለእሷም ተረፈ። መጣላት እንኳ አልተጣላንም፣ ሰለቸኋት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩሽ። ይነቅዛል ለካ።

«መሥሪያ ቤት» ያልኩሽ የአንድ ጓደኛዬ ብረታ ብረት ቤት ነው። በርና መስኮት ይሠራል፣ እኔ እየዞርኩ እለካለታለሁ። ጓሮው ውስጥ ያለችውን ክፍል ሰጥቶኛል። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር። ኮቴን ምስማሩ ላይ እሰቅላለሁ። አየሽ፣ አንቺ የምትመኚውን አንድ ሣጥን ብቻ ይዞ መኖር እኔ ቀድሜሽ አግኝቼዋለሁ። ነፃነቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። ዕቃ ያለቀበት ሰው ሁሉ ነፃ ይወጣል ያለሽ ማን ነው? እኔን እንደሆነ ሰው ሁሉ አቀለለኝ እንጂ ሌላ ያገኘሁት የለም።

ከሥራ ስገባ ምን እንደማደርግ ልንገርሽና ሳቂብኝ። ፍራሹ ላይ ጋደም ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የእኛ ቤት ክፍሌ እገባለሁ። ቡፌው በስተቀኝ፣ ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር፣ ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ። ሁሉም በቦታው። ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያን ሰጥተሽብኝ ስታበቂ ወዴት ልግባ?

ለምን አትመጣም ትያለሽ። በባዶ እጄ? ይህን ሁሉ ዘመን በጭነት መኪና እመጣለሁ ሲል የኖረ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ሰፈር ይግባ? ፀጉር አስተካካዩ ምን ይለኛል? አልችልም። አንድ ዓመት ብቻ ቆይልኝ፣ እግርሽ ሥር ወድቄ ነው።

ወንድምሽ


ሰኔ 18

ወንድምዓለም፣

የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። አንተ እዚያ ብቻህን ስትቆራመድ እኔ እዚህ ቡፌህን በዘይት ሳሽ! ለምን አልነገርከኝም? ሣጥኔን ከፍቼ መቀሴን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ለአዘጋጇም «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብዬ ጻፍኩላት። ከመላኬ በፊት ግን ያቺ ሁለተኛዋ መልእክትህ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ጊዜ ምላጩን አስቀምጦ ነው የመጣው። «ክፍሌ እንደነበረ ነው ወይ ይላል፣ ድምፁ ደስ አላለኝም» አለኝ።

እንደነበረ መሆኑን ላረጋግጥልህ ሄድኩ። ለመወልወል ሳይሆን አንተን ሆኜ ልግባ ብዬ ኮቴን ለበስኩ፣ እንደ መንገደኛ ከውጭ መጣሁ። የክፍልህን በር ገፋሁት። አንድ ክንድ ያህል ተከፈተና ከቡፌው ጋር ተጋጨ። እንደ ልማዴ በጎኔ ገባሁ። አልጋህን ፈለግሁት። የተመለሱት ካርቶኖች ላዩ ላይ ናቸው፣ ከበላያቸው የፈረሰ ወንበር፣ ከዚያ በላይ የብስክሌቱ እጀታ። መተኛት ይቅርና የምቀመጥበት አጥቼ ቆሜ ቀረሁ። ዓይንህን ጨፍነህ የምትገባበት ክፍል ዓይን ከፍተው ሲመጡ አያስገባም። አንተ ብትመጣ የት ትተኛ ነበር? ዕቃህ ቦታህን የጠበቀልህ መስሎህ ነበር፤ የተኛበት ግን እሱ ነው።

አንድ ዓመት ቆይልኝ ብለሃል። አልቆይም። አንጀቴ ቆይ ይላል፣ እኔ ግን አልቆይም። ብቆይ አንተም እዚያው ምስማሩ ሥር ትቀራለህ። በዚህ ተቆጣኝ ከፈለግህ።

መቀሴን ከመሳቢያው መልሼ አወጣሁት። የእማዬን ሕግ አፈረስኩ። ይቅር ትለኛለች፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አልፈታ ያለ ቋጠሮ ላይ ቀኑን ሙሉ አትውልም ነበር፣ ትቆርጠው ነበር። ቀዩን ክር አንድ በአንድ ቆረጥኩት። ቡፌው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ነው፣ ፎጣ ደርድሮበት ደስታው ወሰን የለውም። ጠረጴዛውንና መጽሐፎቹን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ወሰደ። ብስክሌቱን ለፖስተኛው ሰጠሁት። ጎማ ገጥሞለታል፣ ይህንኑ ደብዳቤ ይዞልኝ የሚሄደውም በእሱ ነው።

ያስቀረሁልህ አልጋው፣ አንድ ወንበርና የእማዬ መስታወት ነው። መስታወቱ ላይ ነጭ ክር ነበር፣ ያሰረችው እሷ ብትሆንም የእኔ ነውና ፈትቼልሃለሁ።

አንተ በአንድ ሣጥን ነፃነት የለም ብለሃል። እውነትህን ሊሆን ይችላል። የተነጠቀና የሰጠ አንድ አይደሉም፣ ያንተን ሕመም ደስታ ነው ብዬ አልከራከርህም። ግን አፍረህ የተደበቅኸው ከማን ነው? ከእኔ? እኔ የምሄደው በመቀስና በሦስት ቀሚስ ነው! ቤቱም ባዶ ነው፣ አንተም ባዶ እጅህን ነህ፣ የሚተፋፈር የለም። ጨርቄን ማቄን ሳትል ተነሥተህ ና። የሚጠይቅህ ካለ «እህቴ ባዶ እጅህን ና ብላኛለች» በል።

አውቶቡሱ ከነገ ወዲያ ጠዋት ያልፋል። ቁልፉ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። የእጄን አንጓ ክር እንድትፈታልኝ ጠይቄህ ነበር። እሱንም አልጠበቅሁህም።

እህትህ


ሐምሌ 4

ይድረስ ለቲያትሩ ልብስ ሰፊ፣ (ግምጃ ቤት ማለት ከእንግዲህ አይሆንም)

ደረስክ ወይ ብለሽ በካርድሽ ጠይቀሻል። ደርሻለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ማንቆርቆሪያዬን ግድግዳው ላይ ወርውሬው ጎድጉዷል። «ማን ፈቀደላት!» እያልኩ ጓደኛዬን አደነቆርኩት። ስጨርስ «ታዲያ ሄደህ አትቆጣትም?» አለኝ። ልቆጣሽ ነው የመጣሁት፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለቁጣ የሚሆን ሰው ግን ቤት ውስጥ አልጠበቀኝም።

ፀጉር አስተካካዩ እጄን አላየም። ፊቴን አይቶ «በዚህ ፂም ሰፈር ውስጥ አትዞርም» አለና አስቀምጦ ላጨኝ። ፎጣውን ያወጣው ከቡፌዬ ነው። ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ። ቀይ ክር ጠምጥመሽ ከምስማር ጋር አስረሽዋል። ቸኩዬ ስለነበር «በምላጭህ በጥሰው» ብለው «ክር ያለበት አይነካም ተብያለሁ፣ ባለቤቱ ይፍታው» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ስንት ዘመን ሳስር ኖሬ አንዱን እንኳ ፈትቼ አላውቅም ነበር። ጥፍሬ እስኪያመኝ ታግዬ ፈታሁት። ደንበኞቹ ሁሉ ቆመው አዩኝ።

ክፍሌ በር ላይ ስደርስ በጎኔ ቆምኩ፣ ገፋሁት። በሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ግድግዳውን መታው። ድምፁ ቤቱን ዞረ። እታለም፣ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ቡፌውን በስተቀኝ ልፈልገው ስል ሳላገኘው እንቅልፍ ወሰደኝ።

የትምህርት ቤቱ ሰዎች ጠረጴዛዬን እንዴት እንደሚያዘነብሉት አላወቁም ነበር። ሄጄ አሳየኋቸውና ለክረምቱ ንድፍ አስተምርልን አሉኝ። በራሴ ጠረጴዛ ላይ እንግዳ ሆኜ አስተምራለሁ። ፖስተኛው ደግሞ በብስክሌቴ ሲያልፍ ደወሉን ያቃጭልብኛል። አሁንም አንዳንድ ቀን ባዶነቱ ያስፈራኛል። ያን ቀን ወንበሩን ፀሐይዋ ጋ አውጥቼ እቀመጣለሁ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 23

ይድረስ ለባለ ቤቱ፣

ከደብዳቤህ በኋላ በላክሃት ካርድ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። የተውሽው አይናፍቅሽም ወይ ላልከው፣ ይናፍቀኛል። የእማዬ መስታወት ይናፍቀኛል፤ እዚህ ፊቴን የማየው በአውቶቡሱ መስታወት ነው፣ እሱም ከሹፌሩ ጋር እየተጋፋሁ። የፊት ክፍሉ ፀሐይም ይናፍቀኛል፣ ደርሼባት ሳልጠግባት ነው የሄድኩት። ቡፌው ግን በሕልሜም አልመጣ።

የምጽፍልህ ከመድረኩ ጀርባ፣ ንጉሡ ሞቶ እስኪወጣና ካባውን እስኪሰጠኝ እየጠበቅሁ ነው። ሲሞት ሁልጊዜ በዚያው ትከሻው ላይ ይወድቃል፣ ሁልጊዜም እሰፋዋለሁ። «በሌላው ትከሻህ ብትሞት ምን አለበት?» ብለው አኮረፈኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይጮኻል፣ አውቶቡሱም ዳገት ላይ ይጮኻል፣ ተግባብተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ምንም አልወለውልም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ድልድይ ላይ ቆሜ ውኃ ሳይ ዋልኩ፤ ደህና አድርጎ የሠራው ሰው ነበር፣ አንተን አስታወሰኝ። ከየከተማው ስንነሣ አዘጋጇ «ሣጥን!» ብላ ትጮኻለች፣ ሌላው ሁሉ ሲጎትት እኔ በአንድ እጄ ይዤ ወጥቼ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ።

ምን ልላክልሽ ላልከው ምንም አትላክ። ዝናቡ ካባራ በኋላ በዚያ በኩል እናልፋለን። ባዶ እጄን ነው የምመጣው፣ ከወዲሁ እወቀው። የፊት ክፍሉ ወለል ላይ፣ ፀሐይዋ በምትገባበት በኩል፣ አንድ ሰው የሚጋደምበት ቦታ ጠብቅልኝ። ሰው ሲያይህ ያዝንልህና ዕቃ ሊሰጥህ ይመጣል፣ አውቃቸዋለሁ። ምንም እንዳታስገባበት። አደራ።

እህትህ